ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ

ኖቬምበር 4፣ ሰኞ

ሲስተር ሜሬኦኒ ዛሬ ሳታንኳኳ ገባች። ሌላ ጊዜ በመስኮቱ በኩል ማዘዣዋን አቀብላኝ፣ «ቡላ፣ ኮሊን!» ብላ በፊጂ ቋንቋ ሰላምታ ሰጥታኝ ስቃ ትሄዳለች። ዛሬ ግን ወፍራም ክላሰር ታቅፋ መጥታ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ፍሪጅህን እፈልገዋለሁ» አለችኝ።

«ምሳሽን ልታስቀምጪ ከሆነ ወጥ ቤት ሂጂ።»

«ለመድኃኒት ጥናት ነው።»

ባሕሩ ዳር ያለው የከተማው ሆስፒታል ለመቅኔ ካንሰር አዲስ መርፌ እየሞከረ ነው። እስከ ዛሬ ጥናት ውስጥ መግባት የፈለገ የእኛዋ ትንሽ ከተማ የሚራቡል ሰው ዘጠኝ ሰዓት መንዳት ነበረበት። አሁን ሃያ ሁለት አልጋ ያላትን የእኛን ሆስፒታል ቅርንጫፋቸው ሊያደርጓት ይፈልጋሉ። የከተማዋ ዶክተር በሽተኛውን በስክሪን ታያለች፤ ሜሬኦኒ ትወጋለች፣ ደም ትቀዳለች፤ መድኃኒቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ። ከዚያ ከዘለለ አይሰጥም።

ከአራት ዓመት በፊትም ጠይቀውን ነበር። ያኔ «የመድኃኒት ክፍላችን ለዚህ አቅም የለውም» የሚል ደብዳቤ ሄደላቸው። ፈራሚው እኔ ነበርኩ። እውነት ነበር። ብቻዬን ነበርኩ፤ ፍሪጁም ያረጀ ነበር። ሜሬኦኒ ያኔ እዚህ አልነበረችም። ስለ ደብዳቤው አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።

«አስብበታለሁ» አልኳት።

«እስከ ሐሙስ አስብበት» ብላ ክላሰሩን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ወጣች።

ኖቬምበር 7

ፈረምኩ።

ኖቬምበር 12

ሥልጠና፣ በኮምፒውተር። አሥራ አራት ምዕራፍ። ስድስቱን ጨርሻለሁ፤ ዓይኔ ግን ደም መስሏል። ሜሬኦኒ አሥራ አራቱንም የጨረሰችው ባለፈው ሳምንት፣ የምሽት ተራዋን እየሠራች ነው።

ሻይ ቤት ውስጥ ከጀርባዬ አንዱ ሲናገር ሰማሁ፤ «የኮሊን ፍሪጅ ከወተት ሌላ ነገር ይዞ ያውቃል?» ሳቁ። ከድስቱ ኋላ የቆመችው ኢልማ ድሩሪ ብቻ አልሳቀችም። ኢልማ የሆስፒታሉን ምግብ የምትሠራው ናት። ባሏ ሬይ የመንገድ ግሬደር ነጂ ነበር። እሱም ለአንድ ጥናት ከተማ ይመላለስ ነበር። ሦስቴ ሄደ፤ በአራተኛው «ወገቤ መንገዱን አልቻለም» ብሎ ቀረ። ከሞተ ሦስት ዓመቱ።

ሬይን ለምን እዚህ እንደማነሣው አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም። ደብዳቤው እውነት ነበር።

ኖቬምበር 21፣ ሐሙስ

የመጀመሪያዋ በሽተኛ መጣች። ግዌንዳ ላስክ፣ ስድሳ ስድስት ዓመቷ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች። እዚህ አገር ከአርባ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ቁጭ በል!» ብላ ጮኻበታለች።

ስለ መድኃኒቱ እንዳስረዳ ተጠርቼ ነበርና ሁሉንም አየሁ። የስምምነቱ ወረቀት ሠላሳ አንድ ገጽ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ብዬ እገላገል ነበር። ሜሬኦኒ ሁለት ሰዓት ተኩል አብራት ተቀመጠች።

«እንግዲህ የላብራቶሪ አይጥ ልሆን ነው» አለች ግዌንዳ፣ መነጽሯን እየጠረገች።

«አይጥ ፊርማ አትጠየቅም፣ አክስቴ። ሲሰለቻትም በቃኝ ብላ በሩን ከፍታ አትወጣም። እርስዎ መውጣት ይችላሉ። ዛሬም፣ ነገም፣ መርፌው ሆድዎ አጠገብ ደርሶም ቢሆን።»

«ካልሠራስ?»

«ላይሠራ ይችላል።»

«አንቺ እንኳ አትደብቂም።»

«ብደብቅዎት አውቶቡስዎ ላይ መች ያሳፍሩኛል?»

ስክሪኑ ላይ የነበረችው የከተማዋ ዶክተር፣ ዶክተር ራጋቫን፣ ስቃ ስታበቃ፣ ከተማ መጥቶ መታከም የሚሻል መስሏት እንደሆነ ግዌንዳን ጠየቀቻት።

«ሌስን ማን ያጥብልኛል?» አለች ግዌንዳ። ባሏን ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ወስዶበታል። «ሃያ ስድስቱን ልጆችስ ማን ያመላልሳል? ካንሰሩ የያዘኝ እኔን ነው፤ እነሱ ምን አጠፉ?»

ከእያንዳንዱ ገጽ በኋላ ሜሬኦኒ ወረቀቱን ትገለብጥና «እስቲ አሁን በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» ትላለች። ሠላሳ ዓመት ለሰው መድኃኒት ስሰጥ ምን እንደገባው ጠይቄ አላውቅም። በመለያው ላይ ተጽፏል እያልኩ አልፋለሁ።

አላስፈረመቻትም። «ቤትዎ ይውሰዱት፣ ይተኙበት» ብላ ላከቻት።

ኖቬምበር 25

ግዌንዳ ተመልሳ መጣች። በአውቶቡሱ የመንገድ ካርታ ጀርባ ላይ አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ ጽፋለች። አሥራ ዘጠኙም ተመለሰላት። ፈረመች።

ዲሴምበር 2

ግማሾቹ በሽተኞች አዲሱን መርፌ ያገኛሉ፣ ግማሾቹ የተለመደውን። የሚለየው የኮምፒውተር ዕጣ ነው። ለግዌንዳ አዲሱ ወጣላት።

«ሠላሳ ዓመት በየዓርቡ በመዝናኛ ክለቡ ሥጋ የሚያሸልመውን ዕጣ ስቆርጥ አንዲት ቋሊማ ደርሳኝ አታውቅም» አለች። «ዕድሌ ለዚህ ተቆጥባ ኖሯል።»

ዲሴምበር 4

የመጀመሪያው መርፌ። ከመድኃኒት ክፍሌ እስከ እሷ ወንበር ስድሳ ሁለት እርምጃ። ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ሄድኩ። ሜሬኦኒ ወጋች። ደም ቀዳች፣ በማሽን አዞረችው፣ በረዶ ውስጥ ከተተችው። ደንቡ ሠላሳ ደቂቃ ይሰጣል፤ እሷ በሃያ ሁለት ጨረሰች። ሰዓት ይዤ ነበር። አንዴም አልተጣደፈች። የተጣደፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የያዝኩት ሰዓት ብቻ ነው።

ዲሴምበር 25

ውጭው አርባ ሦስት ዲግሪ። ፍሪጁን ለማየት ጠዋት ሄድኩ። 4.6። ሜሬኦኒ ተረኛ ነበረች። አናናስ ቆርጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን በላን። እናቷ ደሴታቸው ላይ ታማ፣ ትልቁ ሆስፒታል ወዳለበት የሚወስድ ጀልባ ስትጠብቅ እንዳረፈች ነገረችኝ። «ጀልባው በማግስቱ መጣ» አለች። እኔ አናናሱ ጣፋጭ ነው አልኳት። እንዴት ያለ ደንቆሮ ነኝ።

ከሰዓት ፍሪጁን እንደገና ማየት ነበረብኝ። 4.7።

ጃንዋሪ 3

ግዌንዳ ሁለተኛውን ወር ጀመረች። ድካም አለባት፣ ጣቷ ይደነዝዛል። ሜሬኦኒ በየሁለት ቀኑ ትደውልላታለች። ሁለተኛ በሽተኛ ሊገባ ነው፤ ከብት እርባታ ላይ የሚሠራ፣ ከዚህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሰው። ዝናቡ ጀምሯል።

ጃንዋሪ 19፣ እሑድ

11.6።

ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ጃንዋሪ 20፣ ሰኞ

እንዳለ ልጻፈው።

ትናንት ሜሬኦኒ የአገሯ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምሳ ስለሚበሉ እንድመጣ ጋበዘችኝ። ሥጋውንና ካሳቫውን መሬት ቆፍረው፣ በጋለ ድንጋይ ላይ በቅጠል ሸፍነው ነው የሚያበስሉት። ሎቮ ይሉታል። ከምግቡ በፊት ዘመሩ። አርባ ሰው የማይሞላ ጉባኤ፣ ድምፃቸው ግን ጣሪያውን የሚያነሣ። ሜሬኦኒ ከፊት ረድፍ ነበረች። ስልኬ ያንን መዝሙር እንዳያቋርጥ ብዬ አጠፋሁት። ከዚያ ረሳሁት።

ማዕበሉ የመጣው በምሳ ሰዓት ነው። መብራት ጠፋ። የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ተነሣ፤ የመድኃኒት ክፍሉ መስመር ግን አልተነሣም። የፍሪጁ ማንቂያ እንደታዘዘው ወደ ስልኬ ደወለ። አሥራ አንድ ጊዜ። ስልኬን አሥር ሰዓት ላይ መኪናዬ ውስጥ ስከፍተው ጥሪዎቹን ተደርድረው አየኋቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ነበር የቀረው።

ስደርስ መብራቱ ተመልሷል፤ ፍሪጁ 5.2 ይላል። ምንም ያልሆነ ይመስላል። ነገር ግን በሩ ላይ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዛ ትቆያለች። 11.6። አንዲት ቁልፍ ሲጫኗት ትረሳዋለች። ከከተማው ጋር በቀጥታ የሚያገናኘን መሣሪያ ገና አልተተከለም፤ በዚያች ሰዓት ነገሩን የምናውቀው እኔና ሰሌዳዋ ብቻ ነን።

ጣቴ ቁልፏ ላይ ነበር። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ፍሪጁ ውስጥ የዛሬው የግዌንዳ መርፌ አለ። ከተናገርኩ አታገኘውም። ካልተናገርኩ ታገኛለች፤ ግን ምን እንደምታገኝ ማንም አያውቅም።

አልተጫንኩም። ከተማ ደወልኩ።

የዛሬው ነገር ደግሞ ይኸው። መድኃኒቱ ታሸገ፣ አይነካም። የጥናቱ ባለቤቶች ምርመራው እስኪያልቅ አዲስ በሽተኛ እንዳይገባ አገዱ። ከብት ጠባቂው ሰውዬ ይጠብቃል። ግዌንዳ መርፌዋን እስከ ሐሙስ ካላገኘች ይህ ዙር ያመልጣታል። መንገዱ በሁለቱም በኩል ውኃ ስር ነው።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ግሌኒስ ጠራችኝ። «ሁለት ሰዓት ላልሞላ ነገር፣ ኮሊን?»

«ደንቡ ነው።»

«ደንቡንማ አውቃለሁ። ያየ ሰው ነበር ወይ?» አለችና ያለችውን ሰምታ ፊቷ ቀላ። «ተወው። እንዳልተናገርኩ ቁጠረው።»

ኮሪደሩ ላይ አንዱ፤ «ለዚህ እኮ ነው እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ አይሆንም ያልነው።» ይህን ዓረፍተ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ ገባኝ።

ለግዌንዳ ራሴ ልንገራት ብዬ ወጣሁ። መቀመጫዋ ላይ ሸሚዟን ሰብስባ ሆዷን አዘጋጅታ ነበር የምትጠብቀው።

«መድኃኒቱ ሞቋል። ዛሬ አይሰጥም» አልኳት።

«ማን አሞቀው?»

«እኔ። ማንቂያው ሲደውል ስልኬ ጠፍቶ ነበር።»

«ሌላ ያወቀ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

ሸሚዟን ወደ ታች ጎተተች። «የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት አውቶቡሱን ወደ ኋላ ስነዳ የትምህርት ቤቱን በር ገጨሁት። ከፍየል በቀር ያየ አልነበረም። ጻፍኩት። አለቃዬ ለምን ጻፍሽው ብሎ ተቆጣኝ። በር መግጨቷን የማትጽፍ ሹፌር ልጅ መጫን የለባትም አልኩት።» ከዚያ ቦርሳዋን አነሣች። «በጣም ተናድጄብሃለሁ ደግሞ። እንዳይመስልህ።»

«አይመስለኝም።»

«ነገ እመጣለሁ። ከነገ ወዲያም። መድኃኒቱን አምጡት።»

ጃንዋሪ 21

የክስተት ሪፖርት። «ምክንያት» በሚለው ቦታ መጀመሪያ «የባለሙያው ስልክ አልሠራም» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። «ባለሙያው ስልኩን አጥፍቶ ረስቶታል። ባለሙያው እኔ ነኝ።»

ሜሬኦኒ መፈረም ስላለባት አነበበችው።

«መዝሙሩ አምሮህ ነው?»

«አዎ» አልኩ። «መዝሙሩ።»

ፈረመች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንቂያው ወደ እኔም ስልክ ይደውል» አለች። ከጠዋት ጀምሮ ሌላ መድኃኒት በአየር እንዲላክልን ስትሟገት ነው የዋለችው፤ ከመድኃኒቱ ላኪዎች ጋር፣ ከዶክተር ራጋቫን ጋር፣ የፖስታ አውሮፕላን ካለው ድርጅት ጋር። አንዴም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እምቢ ሲሏት «እሺ፣ ታዲያ ማንን ልጠይቅ?» ትላለች፤ ስሙን ትጽፍና ለእሱ ትደውላለች። ዘጠኝ ስም ቆጠርኩ።

ጃንዋሪ 22

አውሮፕላኑ መጣ። ማረፊያው ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ ዞረና ተመለሰ። ግዌንዳ በመስኮቱ አየችው፤ «ይሄን ልጅ አውቶቡሴን አላስነዳውም» ብላ ቀለደች። ማንም አልሳቀም፤ ራሷም።

ጃንዋሪ 23፣ ሐሙስ

አረፈ!

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት። ሜሬኦኒ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው መለኪያ 5.1። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ እሷም አነበበችው፣ ዶክተር ራጋቫንም በስክሪን አነበበችው። አሥራ አንድ ከሃያ ላይ መርፌው ተሰጠ። ግዌንዳ ከጠዋት ጀምሮ ከዚያች ወንበር አልተነሣችም። ሌስም ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ አጠገቧ ነበር፤ በደኅናው እጁ እጇን ይዟል።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ፌብሩዋሪ 5

ምሳ ሰዓት ሻይ ቤቱ ባዶ ነበር። ኢልማ ሾርባ ቀዳችልኝና ሳትጠየቅ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሬይ ደብዳቤውን አይቶት ነበር» አለችኝ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«እዚህ ይሞክሩልኝ ብሎ ጠይቆ ነበር እኮ። ሚራቡል አይችልም ብለው ቅጂውን ሰጡት። ስምህን አነበበው። እኔም አነበብኩት።»

«እውነት ነበር፣ ኢልማ። ያኔ ብቻዬን...» አልኩና ተውኩት። «መሞከር ያልፈለግኩት ፈርቼ ነው። እንዳልሳሳት ፈርቼ።»

«አውቃለሁ።»

«አዝናለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሾርባዬን አንገትህን ደፍተህ ስትበላ፣ ምናልባት አልጣመውም እያልኩ ጨው ስቀንስ ስጨምር ኖሬያለሁ።» ተነሣች። «ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም። የእሑዱን ነገር ግን ሰምቻለሁ። ባትናገር ኖሮ ዛሬ አላወራህም ነበር። ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

ጨው በዝቶበት ነበር። ጨረስኩት።

ፌብሩዋሪ 12

ከጥናቱ ባለቤቶች የመጣች መርማሪ ቀኑን ሙሉ ወረቀታችንን ስታገላብጥ ዋለች። ቁጥብ ሴት ናት። ፍሪጁን ከፈተች፣ ዘጋች። አዲሱ መሣሪያ ተተክሏል፤ የመድኃኒት ክፍሉም የጄኔሬተር መስመር ተስተካክሏል። የግዌንዳን ወረቀት አሥራ ዘጠኝ ጥያቄዎች ሳይቀሩ አነበበች።

«ይህን ሁሉ ጥያቄ የመለሰው ማነው?» አለች።

«ሲስተር ሜሬኦኒ።»

«ምን ያህል ጊዜ ወሰደባት?»

«የሚፈልገውን ያህል» አልኩ። በሕይወቴ ከሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል። ነገር ግን የእኔ አልነበረም፤ የእሷን ሥራ ነው የተናገርኩት።

ማታ በኢሜይል መጣ። እገዳው ተነሥቷል። ከብት ጠባቂው ሰውዬ ዓርብ ይገባል።

ፌብሩዋሪ 20

የግዌንዳ ደም ውጤት። ካንሰሩ የሚተፋው ፕሮቲን ከግማሽ በታች ወርዷል። ዶክተር ራጋቫን «ደስ የሚል ነው፤ ድኗል ማለት ግን አይደለም» ስትል ግዌንዳ አቋረጠቻት፤ «ልጄ፣ ድኛለሁ ወይ ብዬ አልጠየቅኩሽም። የሚቀጥለው ወር የትምህርት ቤት ስፖርት ቀን ነው። እነዳለሁ ወይ ነው የምልሽ።»

ትነዳለች።

ማርች 4

ሌሎች ሦስት ትንንሽ ሆስፒታሎች ሜሬኦኒ መጥታ እንድታስጀምራቸው ጠይቀዋል። በወር አንድ ሳምንት ትሄዳለች። ለፋርማሲስቶቹ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል አለችኝ፤ «ስለ ፍሪጅ፣ በተለይ ስለ ስህተት።»

እምቢ የምልበትን ምክንያት ፈለግኩ። ሰበብ የፈለገ ሰው አያጣም፤ ለእኔ ግን ዛሬ አንድም አልመጣልኝም። ሻንጣዬ ከአልጋው ስር አቧራ ጠጥቶ ተገኘ። አጠብኩት።

ማርች 13፣ ሐሙስ

ዛሬ ሦስተኛዋ በሽተኛ ልትፈርም መጣች። ቴልማ ትባላለች፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ትንሽ መንደር ነዋሪ። ክላሰሩን ጭኗ ላይ አድርጋ የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ አልገለጠችም። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ሜሬኦኒ ድንገተኛ ክፍል ተጠርታ ነበር።

ግዌንዳ የጠዋቱን ልጆች አድርሳ፣ በሹፌር ሸሚዟ ለመርፌዋ መጣች። ቴልማን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ያ ወፍራሙ ወረቀት ነው?»

«እሱ ነው።»

«ፈርተሻል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ብቻ? ጎበዝ ነሽ።» ወንበር ጎተተችና ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች። «ጠይቂያቸው። የማይረባ የሚመስልሽንም ጠይቂ። ጊዜ አላቸው። የሌላቸው ቢመስልሽም አላቸው። በይ፣ የመጀመሪያው ምንድን ነው?»

ቴልማ ወደ መሬት እያየች፣ «ቢያመኝ የምሞተው ቤቴ ነው ወይስ እዚያ ከተማ?» አለች።

ግዌንዳ እንደ መጀመሪያ ጥያቄ ጻፈችው። ጽሑፏ ቀጥ ያለ ነበር። «ሁለተኛው?»

እኔ የግዌንዳን መርፌ ይዤ በአጠገባቸው አለፍኩ። 4.8። ሁለቱም ቀና ብለው አላዩኝም። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እስኪጨርሱ ድረስ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።